አሮጌ ፈጣን መኪና እና የባለቤቱ ወጪ

ከተሠራ 25 ዓመት የሞላው መኪና የአሜሪካን የደኅንነት ደንብ ማሟላቱ ሳይጠየቅ ወደዚያ አገር ሊገባ ይችላል። በዚህም መሠረት እ.ኤ.አ. በ1989 የተሠራው የጃፓን ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር ከ2014 ጀምሮ በሩ ተከፍቶለታል። ነገር ግን የግዢው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ባለ ሁለት ቱርቦ ሞተሩ ከፍተኛ ኦክቴን ያለውን ውድ ቤንዚን ይሻል፤ የታይሚንግ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይለወጣል፤ ቢበጠስ ሞተሩ ይበላሻል፤ የጎማ ቱቦዎቹም መኪናው ቆሞ ቢውል እንኳ በዕድሜ ይደርቃሉ። ስለዚህ አስመጪው ነጋዴ ከመሸጫው ዋጋ ጋር የአንድ ዓመት የጥገና ግምት ጽፎ ለገዢው ሊያሳይ ይገባዋል። ይህን የሸሸገ ነጋዴ አንድ መኪና ይሸጥ ይሆናል፤ ደንበኛውን ግን ያጣል።