የጎረቤት ብድር

በዚህ ወር አምዳችን ጎረቤት ለጎረቤት ስለሚያበድረው ጥቂት ብር እንነጋገራለን። በሃይማኖታችን ቀርድ ሐሰን ይባላል፤ የተሰጠው ያህል የሚመለስ፣ ጭማሪ የሌለበት ብድር ነው።

ሲግናልን የሚያውቅ ሰው ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያውቃል። ከዚያ ሸክም ለመገላገል አንዷ የሚያስፈልጋት ምጣድና መነሻ የሚሆን ጤፍ፣ ሌላዋ የምትሻው ለጉሊቷ ሽንኩርትና ቲማቲም መግዣ ነው። ባንክ ብትሄድ መያዣ ትጠየቃለች። ከ1988ቱ አዋጅ ወዲህ የተስፋፉት የብድርና ቁጠባ ተቋማት በቡድን ዋስትና ያበድራሉ፤ አብዛኛው ብድራቸው ግን ወለድ አለበት። የሚቀራት አራጣ አበዳሪ ነው። አራጣ በወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣ ቢሆንም የጨነቀው ሰው ሕግ አያገላብጥም።

ትንሽ ብድር ምን እንደሚሠራ ዓለም አይቷል። ፕሮፌሰር ሙሐመድ ዩኑስ እ.ኤ.አ. በ1976 በባንግላዴሽዋ ጆብራ መንደር ለ42 ሰዎች በድምሩ 27 ዶላር ያህል ከኪሳቸው አበደሩ። ከዚያ ያደገው ግራሚን ባንክ ግን ወለድ ያስከፍላል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የፓኪስታኑ አኹወት ነው፤ ስሙ ወንድማማችነት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ላሆር ውስጥ ለአንዲት ሴት በተሰጠ 10 ሺህ ሩፒ ተጀመረ። ያለ ወለድ ያበድራል፤ ገንዘቡንም በመስጊድ ውስጥ ያስረክባል። በሀገራችንም እ.ኤ.አ. በ2021 ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀምሯል፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ጉሊት ላይ ለተቀመጠች እናት የማንኛውም ባንክ ደጅ ሩቅ ነው።

ስለዚህ ነገሩ ወደ እኛው ቤት ይመጣል። ብዙዎቻችን ስናበድር «በእኛ መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል» እንላለን። በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ፣ በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲኖረው የታዘዘው ግን ለባዕድ ብቻ አይደለም። ስንት ዝምድና የፈረሰው ባልተጻፈ ብድር ነው! መጠኑና ቀኑ ይጻፍ፤ ምስክሮቹም ወሬ የማያበዙ ይሁኑ። የመመለሻው ጊዜም ከሥራው ጋር ይሂድ። እንጀራ የምትሸጥ ሴት ገንዘቧ በየቀኑ ስለሚገባ በየሳምንቱ ጥቂት መመለስ ይቀላታል፤ ዶሮ የምታረባዋን ግን በመጀመሪያው ወር መጠየቅ ዶሮዎቹን ሳያድጉ ማሸጥ ነው። ብትቸገር ደግሞ እዚያው ሱራ 280ኛው አንቀጽ እስኪቀናት እንድንጠብቃት፣ ብንተውላትም እንደሚሻለን ይነግረናል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ጉዳይ አለ፤ ምርቃት። ያበደርናት እህት አሥር እንጀራ ስንገዛ አንድ ብትጨምርልንስ? ድሮም ትመርቅልን ከነበረ ችግር የለውም። ከብድሩ ወዲህ የመጣ ከሆነ ግን ዑለማዎች ወደ ወለድ እንደሚያስገባ ስላስጠነቀቁ፣ ዋጋውን መክፈል ነው። «ቡና ልጋብዛችሁ»ም እንዲሁ ነው። እሷ አፍራ እንዳትቀር፣ ገና ስናበድር ይህን በደግ ቃል ብንነግራት ይሻላል።

«የማበድረው የለኝም» የሚል ወጣት ቢኖር ዕቁብ የለውም ወይ? በየሰፈሩ ዕጣ የወጣለት ሰው ለቸኮለው ገንዘብ ተቀብሎ ተራውን ሲሸጥ እናያለን፤ ይህ ከአራጣ ምን ያህል ይርቃል? ያንኑ ዕጣ ያለ ክፍያ መልቀቅ ግን ይቻላል። ጸሐፊው ስም ይቀይራል፣ እሷ ዛሬ ወስዳ ምጣዷን ትገዛለች፣ እኛ ደግሞ የእሷ ተራ ሲደርስ እንቀበላለን።