መዛኙን ማን ይመዝነው?

የነርስ ስሕተት እንደ ጸሐፊ ስሕተት በላጲስ አይጠፋም። መርፌው ከተወጋ በኋላ የሚመለስ ነገር የለም። ተማሪዋ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ደጋግማ የምትፈተነውም ስለዚሁ ነው። ነገር ግን ተማሪዋን የሚፈትነውን ትምህርት ቤት የሚመሩት ሰዎች ችሎታቸው በማን ይመዘናል? ብለን ስንጠይቅ፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ ዝምታ ነው።

አንዲት የማውቃት ወጣት በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቀች። በመጀመሪያው የሌሊት ተራዋ ግን መርፌውን ይዛ በአንድ አዛውንት አልጋ አጠገብ እጇ እየተንቀጠቀጠ ቆማ እንደ ቀረች ራሷ አጫወተችኝ። ልምምዷ አብዛኛው በአሻንጉሊት ላይ ነበር። የትምህርት ቤቷ ኃላፊ ደብዳቤ በጊዜው የሚፈርሙ፣ ስብሰባ የማያረፍዱ መልካም ሰው ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸው ወደሚለማመዱበት ሆስፒታል ግን ብቅ ብለው አያውቁም።

ይህ ችግር የዛሬ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. በፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም በተዋጣ ገንዘብ በሎንዶን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ የሆስፒታሉ ሜትረን ሚስስ ዋርድሮፐር የትምህርት ቤቱም የበላይ ሆኑ። የእያንዳንዷ ተማሪ ሰዓት አክባሪነት፣ ታማኝነት፣ ንጽሕናና የሥራ ችሎታ በየወሩ በሠንጠረዥ ይመዘገብ ነበር። ይሁን እንጂ ናይቲንጌል በ1870ዎቹ መጀመሪያ ነገሩን ቀርበው ቢመረምሩ፣ የሚያስተምረው ሐኪም ትምህርቱን ችላ እንዳለ፣ ሜትረኗም የሆስፒታሉ ሥራ በዝቶባቸው ለተማሪዎቹ ጊዜ እንዳጡ ተረዱ። ሐኪሙ በሌላ ተተካ፤ ሜትረኗ ግን አልተሻሩም፤ ተማሪዎቹን በቅርብ የምትከታተል ረዳት ተሰጠቻቸው። እንግዲህ ምዘና ሁሉ የሹመት መንጠቂያ አይደለም፤ የጎደለውን ማወቂያም ነው።

ታዲያ በምን እንመዝናቸው? በዲፕሎማ ብዛት ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ለነርስ አስተማሪዎች የሚያስፈልገውን ዋና ችሎታ ሲዘረዝር፣ ከማስተማር ጥበብ ጋር የነርስነቱን ሥራ ራሱን፣ ግምገማንና አመራርንም ጨምሮአል። በአገራችንም በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነርሶችን ከጤና መኮንኖች ጋር ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ያለማምድ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ኃላፊው ተማሪውን ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ አድርሶታል ወይ? የሚል ይሁን። ሁለተኛው፣ አስተማሪዎቹን ሲያስተምሩ ተመልክቶ ያርማል ወይ? ሦስተኛው፣ ተመራቂዎቹ በሥራ ላይ አንድ ዓመት ከቆዩ በኋላ የሆስፒታል አለቆቻቸው ምን ይላሉ?

«ተማሪዎች ኃላፊን ይመዝኑ ቢባል፣ ጥብቁን ያዋርዳሉ፣ ልል የሆነውን ያሞግሳሉ» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ስለሆነም የተማሪው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ የአስተማሪውና የሆስፒታሉ ምስክርነት አብሮ ይሰማ። ፍርሃቱ ግን ምዘናውን ለማስቀረት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ሆይ! ነገ የአንድ ኃላፊ የሹመት ደብዳቤ በጠረጴዛህ ላይ ሲቀርብ፣ ከመፈረምህ በፊት ያን አዛውንት አስታውስ። በዚያ ሌሊት በአልጋቸው ላይ ሆነው የዚያችን ልጅ እጅ ይጠብቁ ነበር።