«ዛሬ የለም፣ ጋሼ»

አምቦ ላይ የእንስሳት መድኃኒት መሸጥ ከጀመርኩ 26 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ካወጣሁት ወጪ ጎረቤቶቼን ያስገረማቸው አንዱ ብቻ ነው፤ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት በየማለዳው እየጮኸ እንዲያዘኝ በወር 4,000 ብር እከፍላለሁ። «ብር ከፍለህ ትሮጣለህ?» ይሉኛል። «መንገዱ የመንግሥት፣ እግሩ የራስህ፤ የምትከፍለው ለምኑ ነው?» ቡና ላይ በተጠየቅሁ ቁጥር የምሰጠው መልስ አጥጋቢ ስላልሆነ፣ እስኪ እዚህ ዘርዘር ላድርገው።

ነገሩ በስኳር ነው የጀመረው። አምና ሐኪሙ የደም ምርመራዬን አይቶ «ገና አልገባም፤ ግን ደጃፍ ላይ ቆሟል» አለኝ። ዕድሜዬ 52፣ ኪሎዬ 94 ነበር። በዚያው ሰሞን ሚኒሶታ የሚኖረው የእህቴ ልጅ፣ ክንዱ ላይ ቁጥር ተጽፎበት፣ ከሐይቅ ውስጥ ሲወጣ የተነሳውን ፎቶ ላከልኝ። ትራያትሎን ነው አለ። ትዋኛለህ፣ ከውሃ ወጥተህ ብስክሌት ላይ ትወጣለህ፣ ከብስክሌት ወርደህ ትሮጣለህ፤ ሰዓቱ መሀል ላይ አይቆምልህም። ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ነው፤ 1,500 ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ። «አይረን ማን» የሚባለው ረጅሙ ደግሞ በየካቲት 1970 ዓ.ም. ሃዋይ ላይ፣ ከዋናተኛ፣ ከብስክሌተኛና ከሯጭ ማን ይበልጥ ጠንካራ ነው በሚል ክርክር ተጀመረ። 15 ሰዎች ተነሱ፣ 12 ጨረሱ። እኔ የያዝኩት ትንሹን ነው፤ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ሜዳሊያ አልፈልግም። የደጃፉን እንግዳ ማባረር ነው የፈለግሁት።

መጀመሪያ ላይ አሰልጣኝ አልያዝኩም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ጂም የስምንት ሳምንት ፕሮግራም በቴሌግራም ሸጠልኝ። ከየት እንደተገለበጠ የማይታወቅ፣ በሠንጠረዥ የተሞላ ፋይል ነው። ኪሎዬን የጠየቀኝ የለም። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ላይ መሆኗንም ያሰበበት የለም። በአራተኛው ሳምንት ቀኝ ጉልበቴ አበጠ። ስደውል ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ፕሮግራሙን በትክክል ተከትለዋል?» አለችኝ። አዎ፣ አንድ ቀን ሳላጓድል ተከትያለሁ። ያበጠውም ለዚሁ ነው።

የሚገርመው፣ የታመመ እግር ይረፍ ብሎ መናገር ሙያዬ ነው። ያነከሰ የጋሪ ፈረስ እየጎተተ ሱቄ ደጃፍ የሚመጣ ባለጋሪ ሞልቷል፤ መርፌ ስጠኝ ይለኛል። «አሳርፈው እንጂ መርፌ ምን ያደርግለታል!» ብዬ እቆጣዋለሁ። እሱስ ፈረሱን አሳረፈ ማለት ማታ ቤቱ እንጀራ ላይገባ ነው። እኔ ማንም ሳያስቸኩለኝ፣ እራት የበላሁ ሰው፣ ራሴን ፈረስ አድርጌ ነዳሁ።

ኮቹን ያገኘሁት እያነከስኩ ባጃጁ ውስጥ ስገባ ነው። በመስታወት አይቶኝ «ጋሼ፣ ጉልበትዎን የሚያምዎት ከውጭ በኩል ነው ወይስ ከውስጥ?» አለ። ባጃጅ ነጂ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ለካ በስፖርት ሳይንስ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ ያጣ ልጅ ነው። ቤቴ እስክንደርስ ዳገት ላይ ሮጬ እንደሆን፣ ጫማዬ ስንት ወር እንዳገለገለ፣ ሌሊት እንቅልፍ እተኛ እንደሆን ጠየቀኝ። ወርጄም ጥያቄው አላለቀም።

አሰልጣኜ እንዲሆን ቀጠርኩት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መሮጥ ከለከለኝ። ሩጫ ላስተምርህ ብሎ ብር የተቀበለ ሰው «አይሩጡ» ሲል ምን ይባላል? ወደ ፍልውሃው ወሰደኝ። የአምቦን ፍልውሃ ገንዳ ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ያጨናንቀዋል፤ በሥራ ቀን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ግን እንፋሎቱ ብቻ ነው ያለው። ለብ ያለ ውሃ ሰውነት ያፍታታል፤ ጠንከር አድርገው ለሚዋኙበት ግን ቶሎ ያዝላል። ስለዚህ ኮቹ ዙሩን ያሳጥረዋል፣ ዕረፍቱን ያበዛዋል። ቴሌግራሙ ይህን ከየት ያውቃል?

መዋኘት እችላለሁ ብዬ ነበር። ሁሉቃ ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ እችላለሁ ይላል። ለካ እኔ የማውቀው አለመስጠምን ነው፤ ጭንቅላቴን እንደ ኤሊ አውጥቼ ውሃውን እደበድባለሁ። ኮቹ ግድግዳውን አስይዞ ፊቴን ውሃ ውስጥ አስገባና «አየሩን እዚያው ውስጥ ያስወጡት፤ ቀና ሲሉ መሳብ ብቻ ነው» አለኝ። ሰው ለካ ውሃ ውስጥ ትንፋሹን የሚይዘው ከፍርሃት ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ሌላ ምንም አላደረግሁም፤ ፊቴን ነክሬ ማንቡቅቡቅ ብቻ። የገንዳው ጠባቂ አንድ ቀን ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ጋሼ፣ እንደ ተከፈተ አምቦ ውሃ ሆኑ እኮ» አለኝ።

እዚያው ገንዳ ውስጥ ሌላ ችግር ተፈጠረ። ኮቹ ጨዋ ልጅ ነው፤ «እርስዎ» ሳይል አፉን አይከፍትም። ግን «ጋሼ፣ እባክዎን ክርንዎን ከፍ አድርገው ይቅዘፉ» ብሎ እስኪጨርስ እኔ ግድግዳው ጋ ደርሻለሁ። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቱ አለቀና «ክርን!» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎ «ቁም!»። ወዲያው ደንግጦ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ዳር ላይ ተንበረከከ። ውሃ ውስጥ አንተ፣ ደረቅ ላይ እርስዎ እንዲሆን ተስማማን። እኔም ውሃው ዳር «ኮች» እለዋለሁ፤ ባጃጁ ውስጥ ስገባ «አንተ ልጅ» ነው። ስቸኩል ሲያየኝ ለማብረድ ደግሞ ኦሮምኛው ይቀናዋል፤ «ሱታ፣ ሱታ» ይለኛል። ቀስ ማለቱ ነው።

ብስክሌቱ ከአምቦ ጉደር ነው፤ መሄጃው 12 ኪሎ ሜትር። ከኋላ አይሱዙ ጥሩምባ እየነፋ ይመጣል፣ ከፊት ከሰል የጫኑ አህዮች መንገዱን ይዘዋል፣ ልጆች ደግሞ ከየአጥሩ ሥር እየወጡ «ኃይሌ! ኃይሌ!» እያሉ ይከተሉኛል። ጎሚስታ ዘንድ ያልቆምኩበት ሳምንት የለም። ጉደር መግቢያ ላይ ኮቹ ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ፣ ጫማዬን ሳፋ ላይ አስቀምጦ ይጠብቀኛል። የጫማዬን ክር አውጥቶ ልብስ ሰፊ ቀሚስ ወገብ ላይ የሚያስገባውን ላስቲክ አስገብቶበታል፤ ማሰር የለም፣ እግር ማስገባት ብቻ። ከብስክሌት ወርጄ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቶ ሜትሮች ስሮጥ ጭኔ የእኔ አይመስለኝም፤ እግሬ አሁንም ፔዳል ይመታል። ይህ ድንዛዜ እንደሚመጣና እንደሚያልፍ ቀድሞ ባይነግረኝ ኖሮ ስትሮክ የመታኝ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ጎረቤቶቼ «ለምኑ ነው?» ለሚሉኝ መልሱ ይህ ነው። ለዓይኑ። ሰውነቴን ከውጭ ለሚያይልኝ ሰው።

የሯጭ አገር ነን ስንል የሚያሰለጥነውን እንዘለዋለን። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ሲገባ ከኋላው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበር። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ቁጣው ሳይቀር ስሙ ይታወቃል፤ በቆጂ ላይ ደግሞ የትምህርት ቤት ስፖርት መምህር የነበረው ስንታየሁ እሸቱ እነደራርቱን፣ እነቀነኒሳን፣ እነጥሩነሽን ገና በልጅነታቸው ይዟቸዋል። ትዕግስት አሰፋ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ስትሮጥ አሰልጣኟ ገመዱ ደደፎ ነበር። ከእኛው ከምዕራብ ሸዋ፣ ከጀልዱ የወጣው ፈይሳ ሌሊሳ በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ በ2:09:54 ብር ሲያገኝ እጁን ማጣመሩን አምቦ ውስጥ የማያስታውስ ሰው የለም። ማን አሰለጠነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ሰዉ እርስ በርሱ ይተያያል። በዚያው ኦሎምፒክ በ100 ሜትር ዋና 59ኛ ሆኖ በወጣው በሮቤል ኪሮስም ስቀናል። ከፍልውሃው ከወጣሁ ወዲህ እኔ አልስቅም።

አሰልጣኝነት እዚህ አገር እንደ ውለታ ነው የሚታየው። የሰፈር ልጆችን ሜዳ ላይ ሰብስቦ ለሚያሯሩጥ ሰው «ተባረክ» ይባላል፣ በበዓል አንድ ጃኬት ይሰጠዋል፣ አለቀ። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን በስፖርት ሳይንስ የተመረቀው ልጅ ባጃጅ ይነዳል፣ ስኳርና ግፊት ደጃፉ ላይ የቆመው የባንክ ሠራተኛና መምህር ደግሞ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል። ሁለቱ አይገናኙም። የግል አሰልጣኝ የሀብታም ቅንጦት ነው የሚለኝ ወዳጄ በወር ለቢራና ለጥሬ ሥጋ የሚያወጣውን ደብተር ላይ አስጽፌው ነበር። ድምሩ ላይ ሳንደርስ ደብተሩን ዘጋው።

ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሁሉ አሰልጣኝ ነኝ ይላል የሚለው ግን እውነት ነው፤ ጉልበቴ ምስክር ነው። መፍትሔው ሙያውን ወደ መድረክ ማውጣት ነው። የከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት የተመረቀውን አሰልጣኝ መዝግቦ መታወቂያ ይስጠው፤ ቀላል የንግድ ፈቃድ አውጥቶ ግብሩን ይክፈል። ገንዳው በሥራ ቀን ማለዳ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባዶውን ከሚቆይ፣ ደንበኛ ይዞ ለሚመጣ አሰልጣኝ በቅናሽ ይከራይ። ጊንጪም፣ ጌዶም፣ ባኮም ገንዳ ባይኖራቸው ሜዳና ዳገት አላቸው። የእኔ ኮች አሁን አምስት ደንበኛ አለው፤ አንዲት ነርስ፣ ሁለት መምህራን፣ አንድ የባንክ ገንዘብ ከፋይና እኔ። ባጃጁን ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የሚነዳው። ሁላችንም ዋጋ እንከራከረዋለን፤ መከራከሩ ራሱ ሙያ ሆነ ማለት ይመስለኛል።

ያለፈው ቅዳሜ ወንጪ ሄደን ነበር፤ 750 ሜትሩን ሐይቅ ላይ ልዋኝ። ለጓደኞቼ ሁሉ አውርቻለሁ። ሐይቁ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ተራራው አናት ላይ በተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ። ስንወርድ ጉሙ ወርዶ ቂርቆስ ገዳም ያለባት ደሴት አልታይ አለች። የሚከራዩት ፈረሶች ብርድ ልብስ ለብሰው ቆመዋል፤ አንዱ የኋላ እግሩን እንዳሳረፈ በልማድ አየሁ። ኮቹ እጁን ውሃው ውስጥ ከቶ ቆየና አወጣው፤ ጣቶቹ ነጥተዋል። ከጎኔ ጀልባ የሚቀዝፈውን ልጅ ሃያ እርምጃ ላከውና አየው፤ አልታየም።

«ዛሬ የለም፣ ጋሼ።»

ተቆጣሁ። የምከፍልህ እኔ ነኝ አልኩት፤ አሁን ሲታሰበኝ አፍራለሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከኪሱ ቆሎ አወጣና ዘረጋልኝ። እስከ ረፋድ ጠበቅን። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጉሙ ገፈፈ፣ ሐይቁ እንደ መስታወት ሆነ፣ ደሴቷም ወጣች። ያኔም እምቢ አለ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ብርድ ላይ ቆመው ሰውነትዎ ቀዝቅዟል አለኝ። አልተስማማሁም። እስካሁንም አልተስማማሁም። ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ሁለታችንም ዝም ብለን አምቦ ገባን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንመለሳለን። ቆሎውን በዚህኛው ዙር እኔ እቆላለሁ፤ የእሱ ጨው ይበዛበታል።