ለመንገደኛ ሕፃናት ስንቅ

ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ያለው የመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣልና፥ ልጆቹን ይዞ የሚጓዝ ወላጅ ስንቃቸውን አስቀድሞ ያሰናዳ ዘንድ እንመክራለን። ወጥና እርጎ እየፈሰሰ ልብስን ያበላሻል፤ ከረሜላም እጅን ያጣብቃል፥ ጥርስንም ይጎዳል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን እጅን አያቆሽሹም፥ ቶሎም አይበላሹም፤ የመንገደኛ ስንቅ መሆናቸውም ስለዚህ ነው። ሆኖም እነዚህም ሆኑ ለውዝ 5 ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጡ፤ መኪናው ሲንገጫገጭ ትን ብሎት ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላልና። ለእርሱ በትንሽ በትንሹ የተቆረሰ ለስላሳ ዳቦና ሙዝ ይበቃዋል፤ ይህንንም መኪናው ቆሞ፥ ወላጁ እያየው ይብላ። ክዳኑ የሚጠብቅ የውሃ ኮዳ፥ ለልጣጩም አንድ ከረጢት አይረሳ። ከስንቁ ጣዕም ይልቅ የልጁ በደኅና መድረስ ይበልጣል።