ተማሪው ይሣል እንጂ!

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ ስለሆነ፣ ተማሪዎቼ ሞለኪውል መሣል አይወዱም። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ፈተና ላይ አይመጣም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን አለቃቸውም።

ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን የሚል ቀመር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ኦክስጅኑ በካርቦንና በሃይድሮጅን መካከል ከገባ አረቄ ውስጥ ያለው ኢታኖል ነው፤ በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። በሁለቱ ካርቦኖች መካከል ከገባ ግን ዳይሜቲል ኢተር ይሆናል፤ ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ጋዝ! ልዩነቱን የሚያሳየው ሥዕሉ ነው።

ችግሩ የሚወጣው በዚግዛግ መስመር ስንሥል ነው። ቡቴንን በሦስት ሰረዝ ሰሌዳ ላይ ሥዬ «ስንት ካርቦን አለው?» ስል፣ ብዙዎቹ «ሁለት» ይላሉ፤ መታጠፊያዎቹን ቆጥረው ጫፎቹን ይረሳሉ። አራት ነው። ሃይድሮጅኖቹ አይጻፉም፤ ካርቦን አራት ትስስር እንዳለው ይዞ የጎደለውን መሙላት ነው፦ ጫፎቹ ላይ ሦስት ሦስት፣ መሀል ላይ ሁለት ሁለት፣ ድምሩ አሥር። ፔንቴን ላይ ደግሞ ያንኑ ሰንሰለት አጣመው ይሥሉና «አዲስ ኢሶመር አገኘን!» ይላሉ። የፔንቴን ኢሶመሮች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ካርቦኖቹን ቁጥር ሰጥቶ መከተል ያጣራዋል። ስልክ ላይ ያለ መተግበሪያ ይህን ሁሉ በአንድ ንክኪ ይሠራል፤ ተማሪው ግን ምን እንደተሠራ አያውቅም።

የማረሚያ ማሽን ሥዕል አያርምም፤ እኛ ግን እናርማለን። ባልደረቦቼ፣ በየክፍል ፈተናችሁ ቢያንስ አንድ «ሣሉ» የሚል ጥያቄ አስገቡ።