ኤችዲ የሆነው ቪዲዮ የት ነው የሚደበዝዘው?

ደምበጫ ላይ ሠርግ በስልክ ተቀርጿል እንበል፤ በ1080ፒ፣ ጥርት ብሎ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በቴሌግራም ሲደርሰው ግን የሙሽራዋ ጥልፍ ተደባልቆ ይመጣል። ወዲያው «ካሜራው ነው» እንላለን። ኧረ አይደለም፤ መንገዱ ነው።

ቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ስትልኩለት ይጨምቀዋል። እንደ ፋይል ከላካችሁት ግን አይነካውም፤ እስከ 2 ጊጋባይት እንዳለ ያደርሳል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2023 «ኤችዲ» ብሎ ያመጣው ምርጫ 720ፒ ነበር። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ከመልቀቃችሁ በፊት የኤችዲ ምርጫውን ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ። ለእኔ ዩቲዩብ ይሻላል፤ ቢያንስ ቁጥሩን አሳይቶ ያስመርጣል። ገና እንደጫናችሁ ደብዝዞ ካያችሁት አትበሳጩ፤ ከፍተኛው ጥራት ዘግይቶ ነው የሚወጣው።

ጣጣው ዳታው ላይ ነው። ዩቲዩብ ለ1080ፒ የሚመክረው በሴኮንድ 8 ሜጋቢት፣ ማለትም 1 ሜጋባይት ነው። የ5 ደቂቃ ጭፈራ 300 ሜጋባይት በላ ማለት ነው! ብዙ ስልኮች እንዲያውም ከዚህ አብዝተው ይቀርጻሉ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት የአማራ ክልል ደግሞ ስለ ፒክስል መከራከር ቅንጦት ነበር።

በስልክ ስክሪን አይቶ ለማለፍ 480ፒ አያንስም። የሚቀመጠውን ግን በፋይል ላኩት። ጥቅሉ ካልበቃ ሚሞሪ ካርዱን ለሚመጣ ሰው ስጡት፤ እሱ አይጨምቅም።