ይዞ የመሄድ መብት

ቶማስ ካርላይል የብሪታንያ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍትን አጥብቆ ያማርር ነበር። መቀመጫ ሲጠፋ መሰላል ላይ ቁጢጥ ብሎ ማንበቡን እንኳ ይችለው ይሆናል፤ ግን አንድም መጽሐፍ ከግቢው አይወጣም። የታሪክ ጸሐፊ ሌሊት ሐሳብ ቢመጣለት ማመሳከሪያው ተቆልፎበት ያድራል። ስለዚህ ከወዳጆቹ ጋር መክሮ በ1841 እ.ኤ.አ. የለንደን ቤተ መጻሕፍትን አቋቋመ። ደንቡ የእድር ያህል ቀላል ነው፤ አባሉ መዋጮውን ይከፍላል፣ መጽሐፉን ይዞ ቤቱ ይገባል። ከ1845 ጀምሮ በሴንት ጀምስ አደባባይ የሚገኘው ይህ ቤት ዛሬ አንድ ሚሊዮን ያህል መጻሕፍት አሉት። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ አባሉን ማመኑን አስበልጣለሁ።

እምነቱ ከመደርደሪያው ይጀምራል። አባሉ የመጽሐፉን ስም በወረቀት ጽፎ መስኮት ላይ ተራ አይጠብቅም፤ ራሱ ገብቶ ይፈልጋል። በ1890ዎቹ የተሠራው ክፍል ወለሉ የብረት ፍርግርግ ስለሆነ፣ ጎንበስ ብሎ ላየ የታችኛው ፎቅ መጻሕፍት ከእግሩ ሥር ይታያሉ። «ሳይንስና ልዩ ልዩ» በሚባለው ክፍል ርእሰ ጉዳዮቹ የተደረደሩት በፊደል ተራ ነው፤ ዝምድና የሌላቸው ጉዳዮች ጎረቤት ሆነዋልና አንዱን ሊፈልግ የገባ ያላሰበውን ሌላ ይዞ ይወጣል። ብራም ስቶከር «ድራኩላ»ን ሲያዘጋጅ የዚህ ቤት አባል ነበር። ምልክት ያለባቸውና ጥጋቸው የታጠፈ ከ20 የሚበልጡ መጻሕፍት በ2018 ከመደርደሪያው ተገኙ፤ ምልክቶቹም ከደራሲው ማስታወሻ ጋር ገጠሙ። በተዋሱት መጽሐፍ ላይ መጻፍ ነውር ነው፤ አልደግፈውም። ሆኖም ቤቱ «አርጅቷል» ብሎ መጽሐፍ የመጣል ልማድ ስለሌለው፣ አንድ ልቦለድ እንዴት እንደተጠነሰሰ ከመቶ ዓመት በኋላ ለማየት ተቻለ።

«ሁሉም ስልክ ላይ አለ» ለሚሉ መልሴ አጭር ነው፤ ብዙ የቆዩ መጻሕፍት ገና ወደ ዲጂታል አልተገለበጡም። ከባዱ ተቃውሞ የገንዘቡ ነው። የዓመቱ መዋጮ በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ ነውና ደሃውን ያስቀራል ይባላል። እውነት ነው፤ ለወጣቶች የሚደረገው ቅናሽም ችግሩን ሙሉ በሙሉ አይፈታም። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነፃ መከፈት አለበት፤ በዚህ የሚተካው ነገር የለም። ነገር ግን የሕዝቡ ቤት በጀቱ በተቀነሰ ቁጥር የሚያነቡት ሰዎች ሊያድኑት አቅም የላቸውም፤ በአባላት መዋጮ የቆመው ግን ባለቤቶቹ አሉት። የካቲት 1944 ቦምብ ሲመታው 16,000 ያህል መጻሕፍት ወደሙ፤ የቀሩትን ከፍርስራሹ ካወጡት መካከል አባላቱ ይገኙበታል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከአካባቢ ግብር ነፃ የመሆን መብቱን ሲያጣ ደግሞ ገንዘብ ለማሰባሰብ በ1960 ጨረታ ተዘጋጀ። ኢ. ኤም. ፎርስተር «ወደ ህንድ ጉዞ» የተሰኘ ልቦለዱን የእጅ ጽሑፍ ሰጠ። የቤቱ ፕሬዚዳንት ቲ. ኤስ. ኤሊየት «ጠፍ ምድር» የተሰኘው ግጥሙ የመጀመሪያ ረቂቅ የት እንደገባ በወቅቱ አይታወቅም ነበርና፣ ረጅሙን ግጥም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጁ እንደገና ጽፎ ለጨረታው አቀረበ።